ሁለት የግራ እጅጌ

የእህቴ ልጅ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ሳቅ እንደ መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጥ ነገር ሆነ። ቀልዴን አይደለም። አመሻሽ ላይ ሲስተሯ መርፌዋን ይዛ ከመምጣቷ በፊት እህቴ አንድ የሚያስቅ ነገር ይዛ አልጋው አጠገብ መገኘት አለባት። ልጇ ሚጢ ሰምታ ትስቃለች፣ ስቃ ስታበቃ ክንዷን ትዘረጋለች። ካልሳቀች ግን ክንዷን ከሆዷ ሥር ቀብራ ትጠመዘዛለች፤ ያን ጊዜ እናቷ ራሷ ትከሻዋን ተጭና ይዛት ነው ሲስተሯ የምትወጋት። እህቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያ አድርጋ ይዛታለች። ከዚያ በኋላ ያን ከመድገም ሌላ የምትፈራው ነገር አልነበራትም። ሐኪሞቹ ልጅቱ ትድናለች ብለዋል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል፣ መርፌውም አይቀርም አሉ። በመርፌ ከሚያድር ቤት የተገኘች ልጅ መርፌ ፈሪ ወጣች እንግዲህ።

ቤታችን ስፌት ቤት ነው። እኔ እቆርጣለሁ፣ ታናሽ እህቴ ትሰፋለች፣ ጋሼ ካውያ ይተኩሳሉ። ጋሼ ካውያ ከአባታችን ዘመን ጀምሮ ከዚያች ከመስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ያልተነቃነቁ ሽማግሌ ናቸው። «በዕድሜዬ ጠብመንጃ ሳልነካ ተኳሽ የተባልኩ እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ፣ ይህንንም ለእያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ ይደግሙታል። እኔን ደንበኞቹ መቀሷ ይሉኛል። ለሙያዬ ነው ብለው ያስተባብላሉ፤ ለምላሴ መሆኑን አላጣሁትም። እህቴን ደግሞ ሳቂታዋ ነው የሚሏት። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን ለእኔ ቁመት ሲደርሰኝ ለእሷ ሳቅ ደረሳት። ስትስቅ የስፌት መኪናውን አቁማ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ነው። ሥራ ታስፈታለች እያልኩ ስንት ዘመን ተቆጥቻታለሁ።

ሚጢ እናቷ ገና የክፍሉን ደጃፍ ስታልፍ ነው የምትጠይቀው፦ «ማማ፣ ከስፌት ቤት ምን አመጣሽልኝ?» ሕጓም አንድ ነው፤ የሚነገራት ነገር እውነት መሆን አለበት። ተረት አትፈልግም። ተረት ለሕፃናት ነው ትላለች፣ እሷ ስምንት ዓመት ስለሞላት።

መጀመሪያ ላይ ይህ ከባድ አልነበረም። ሰው ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ ከነጉዱ ነው የሚመጣው። ወገቡን ስለካው ትንፋሹን ውጦ ፊቱ በርበሬ የመሰለ ሰውዬ ነበር። «እኔ አልወፈርኩም፣ ቀሚሱ ነው የጠበበው» ብላ ከእኔ ጋር የተሟገተች ሴትዮ ነበረች። አንድ ቀን ደግሞ ሱሪው እስኪተኮስለት ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ ቁጭ ያለ ደንበኛ ረስተን፣ በሩን ቆልፈን ለምሳ ወጣን። ተመልሰን ስንከፍት ሰውየው የሠርግ መጋረጃ የሚያህል ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣ መስኮቱን እያንኳኳ አላፊ አግዳሚውን ሲማጸን አገኘነው። ሚጢ በዚህኛው በሳቅ ፈረሰች፤ ሲስተሯ ወግታት ስትጨርስ እንኳ አላወቀችም አሉ።

ግን ሳቅም እንደ ጨርቅ ያልቃል። እህቴ ቀን ትሰፋለች፣ አመሻሽ ትሮጣለች፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ ታነጋለች፣ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ባለቤቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ከየደረሰበት እየደወለ «አይዞሽ» ይላታል። ጎረቤቱም አይዞሽ ነው፣ ደንበኛውም አይዞሽ ነው። «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ!» ይሏታል። እሷም እንግዳ እንደምታስተናግድ ሁሉ ለእያንዳንዱ ፈገግ ትላለች። ሰው ከሄደ በኋላ ፈገግታው ፊቷ ላይ ትንሽ ይቆይና ይረግፋል። እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ፣ ሳትረግጠው፣ ጨርቁን እያየች የምትቀመጥበት ጊዜ በዛ።

ከሁሉም የባሱት የአንዲት ሙሽራ እናት ነበሩ። ለልጃቸው ቬሎ ሊያሰፉ ከሩቅ አገር የመጣ ዳንቴል በሻንጣ ይዘው መጡ። ትርፍ የለውም፣ ቢጎድል የሚተካ የለም፣ እንደ ዐይናችሁ ብሌን ጠብቁት አሉን። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሩና «ሰማሁ የልጅሽን ነገር። በጎ በጎውን አስቢ፣ ልጄ! ፖዘቲቭ ሁኚ! ሰውን የሚጥለው ሐሳቡ ነው» አሏት። እህቴም «እሺ፣ እትዬ» አለቻቸው። ለልኬት በመጡ ቁጥር ይህንኑ ይደግሙላታል፣ እሷም እሺ ትላቸዋለች። እኔ ጨጓራዬ ይላጣል። የደከመውን ሰው አረፍ በል ይሉታል እንጂ ሳቅ ይሉታል እንዴ? ደንበኛ ባይሆኑ ኖሮ መቀሷ የተባልኩት በከንቱ እንዳልሆነ አሳያቸው ነበር።

አንድ ቀን በመዝጊያ ሰዓታችን እህቴ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቀረች።

«እትዬ፣ ዛሬ ምንም የለኝም» አለችኝ።

«የምን ምንም?»

«ለሚጢ የምነግራት። ምን ይዤ ልግባ?»

«ያየሽውን ንገሪያት።»

«ምን አየሁ? ጨርቅ ነው ያየሁት። የሚያስቅ ነገር አጠገቤ ቢያልፍም አላየውም እኮ አሁን።» ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ እስክትሰወር ከኋላዋ አየኋት። ያን ማታ የድሮ ወሬ ደግማላት እንደ ምንም አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት እሷ ከመድረሷ በፊት ከጋሼ ካውያ ጋር መከርን። ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባል የለ? የእኛ ብልሃት እንዲህ ያለ ነበር፦ እሳቸው ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው እንዳላወቁ ሆነው ይውላሉ፤ እኔ ደግሞ የልብስ ማሳያዋን አሻንጉሊት የእሳቸውን ቆብና ሽርጥ አልብሼ ካውያው ጠረጴዛ ላይ አቆማታለሁ። ደንበኛ ሲመጣ «ጋሼ ካውያ፣ ሰው መጥቷል» እያልኩ አሻንጉሊቷን እጠራለሁ። እኔ! በሕይወቴ ሙሉ ሥራ ላይ ቀልድ አይወደድም ስል የኖርኩት ሴትዮ ለእንጨት ቆብ ሳስተካክል አረፈድኩ።

እህቴ ገብታ አየችን። አሻንጉሊቷን አየች፣ የጋሼ ካውያን የተገለበጠ ኮት አየች፣ እኔን አየች። ፈገግ አለች፤ ለሙሽራዋ እናት የምታሳያቸውን ፈገግታ። ቢሆንም አመሻሹ ላይ ይዛው ሄደች። ከምንም ይሻላል ብላ ይሆናል።

በማግስቱ ስትመጣ ፊቷ አመድ ለብሷል። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አወቀችብኝ» አለች። «ግማሹን ሳልነግራት አቋረጠችኝ። ‹ማማ፣ ይሄ የተሠራ ነው። አክስቴ እንዲህ አታደርግም› አለችኝ።»

ጋሼ ካውያ ካውያቸውን አስቀመጡ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያዝኳት። ሲስተሯ እግሯን፣ እኔ ትከሻዋን።» እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «ስትጨርስ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔን አላየችኝም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ፤ ላግዛት ብዬ ልጇ ፊት ውሸታም አደረግኳት። ተናደድኩ፣ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ። ስናደድ እቆርጣለሁ። ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

ዳንቴል እንደ ሌላ ጨርቅ ታጥፎ አይቆረጥም። አበቦቹ በየቦታቸው እንዲገጥሙ በነጠላው ይዘረጋል፤ የእጅጌው የወረቀት ልክ ይቀመጥበታል፣ በጠመኔ ይከበባል፣ አንዱ ያልቃል። ለሁለተኛው እጅጌ ወረቀቱን ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። መገልበጥ ብቻ። አባታችን ይህን ያስተማሩኝ ጠረጴዛው አገጬ ሥር ሳለ ነው። «አሥር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ» ይሉኝ ነበር። እኔም ለካሁ፤ እየለካሁ ግን ዐይኔ እህቴ ላይ ነበር። ክር በመርፌ ልታስገባ ትሞክራለች፣ ይስታታል፣ ክሩን በምራቋ አርጥባ ደግማ ትሞክራለች፣ ይስታታል። ይህቺ ልጅ ዐይኗን ጨፍና ክር የምታስገባ ነበረች። እሷን እያየሁ ቆረጥኩ።

ጋሼ ካውያ እጅጌዎቹን ሊተኩሱ ወሰዱ። ጎን ለጎን አስተኟቸው። አንዱን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ፣ ሌላውን አነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቀሷ» አሉ በቀስታ፣ «ይህቺ ሙሽራ ቀኝ እጅ የላትም እንዴ?»

ሄጄ አየሁ። ክው አልኩ። ሁለቱም የግራ ናቸው። የአበባው ፊት ወደ ላይ፣ የትከሻው ጉድጓድ በአንድ በኩል፣ ምንም ቢያገላብጧቸው ሁለቱም የግራ። የሚተካው ጨርቅ የለም። ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ። አባቴ ይህን ሳያዩ መሞታቸውን አመሰገንኩ።

እህቴ ከመኪናዋ ተነሥታ መጣች። እጅጌዎቹን አነሣች። አንዱን ግራ ክንዷ ላይ አደረገች፣ ልክ ገባ። ሌላውን ቀኝ ክንዷ ላይ አደረገች፣ ትከሻው ላይ ተጣሞ ወደ ኋላ ዞረ። እንዲያ እንደ ለበሰች እኔን አየችኝ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቀች።

ስንት ጊዜ ያልሰማሁት ሳቅ ነበር! «አንቺ!» ትላለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ «አንቺ! ሁለት ግራ!» ጋሼ ካውያ ተከተሏት። እኔ እንኳ፣ ኪሳራዬ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ጥርስ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። እህቴ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እየሳቀች፣ እየሳቀች፣ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። እያለቀሰች መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። እጅጌዎቹን ከክንዷ አውልቃ እንዳይረጥቡ ወደ እኔ ዘረጋቻቸውና ፊቷን በጉልበቷ ሸፍና፣ እንደ ልጅ፣ ሳግ እየተናነቃት አለቀሰች።

ጋሼ ካውያ የካውያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉ። ከመዝጊያ ሰዓት በፊት ሲነቅሉት አይቼ አላውቅም። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አይዞሽ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«አልቅሺ» አልኳት። «ስትጨርሺ ትተኛለሽ።»

«ሥራውስ?»

«የምን ሥራ? እጅጌ እንደሆነ ተርፎናል።»

«ሚጢስ? ዛሬስ ምን ልያዝላት?»

«ሚጢ እስከ አመሻሽ የትም አትሄድም። እኔም አብሬሽ እመጣለሁ። ተኚ ብያለሁ!»

ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ የጨርቅ ጥቅሎች ደርድረን፣ ኮቴን አልብሰን አስተኛናት። ጫማዋን ሳወልቅላት እንኳ አልነቃችም። ከዚያ ስፌት ቤታችን ስፌት ቤት መሆኑ ቀረ። መኪና አልተነካም። ጋሼ ካውያ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይሄዱ ጀመር። ደንበኛ በሩን ሲከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ወደ መጋረጃው እጠቁማለሁ፤ የገባውም ያልገባውም ቀስ ብሎ በሩን መልሶ ይሄዳል።

ሙሽራዋና እናቷ ግን ገቡ። ጉዴን በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ጮክ ብሎ ከመናዘዝ ይሻላል፤ የሚቆጣውም በሹክሹክታ ለመቆጣት ይገደዳል። እናትየው ፊታቸው ቀላ። እኔም ሲላጥ የነበረውን ጨጓራዬን አስታወስኩና «እትዬ፣ በጎ በጎውን ያስቡ» አልኳቸው። ከዚያ መውጫውን አሳየኋቸው፦ እጅጌው ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ ላይኛውን ቆርጬ ባነሣ፣ ከታች ያለው ስፋት ለአዲስ ትከሻ ይበቃል፤ እጅጌው ብቻ አጥሮ ክርን ላይ ይቀራል። እናትየው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሙሽራዋ ጆሮዬ ሥር መጣች። «እኔ እኮ ድሮም አጭር ነበር የምፈልገው፤ ማን ይስማኝ» አለችኝ። በዚያው ተቆረጠ። በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱን ከመገልበጤ በፊትም ከገለበጥኩ በኋላም ጋሼ ካውያ አጠገቤ ቆመው አዩ።

የተነሡትን ሁለት ቁራጮች፣ ሁለቱን የግራ ትከሻዎች፣ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ይህ የተሠራ አልነበረም። ማንኛውም ዳኛ ፊት ላቀርበው እችላለሁ ብዬ እህቴን ቀሰቀስኳት፤ አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነበር። የተኛችው እንቅልፍ ድካሙን ያባባሰባት ይመስል ገና አልነቃችም።

የሚጢ ክፍል ብዙ አልጋ ያለበት ነው፤ የእሷ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ ነበር። እኛን ስታይ ቀና አለች። «አክስቴም መጣች!» አለች፤ የትናንቱ ትዝ ሲላት ደግሞ ዐይኗን ወደ ብርድ ልብሱ መለሰች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከስፌት ቤት ምን አመጣሽልኝ?» አለች።

እህቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዝግጁ የሆነውን ፈገግታዋን አወጣች። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ያን የሚያህል ነገር ተፈጥሮ፣ እንደዚያ ተስቆበት፣ አንድ ቃል እንኳ አልወጣላትም። ፈገግታው ሲረግፍ ሚጢ ታያለች። እኔ ቦርሳዬን እየከፈትኩ ነው።

«የኔ ልጅ» አለች እህቴ፣ «ዛሬ አልቻልኩም። ደክሞኛል።»

ይህን ለልጇ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። እኔ እጄ ቦርሳው ውስጥ ቀረ። አሁን ክንዷን ከሆዷ ሥር ትቀብራለች ብዬ ፈራሁ።

ሚጢ እናቷን ረዘም አድርጋ አየቻት። «በጣም?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ዛሬ እኔ ልንገርሽ» አለች፣ ትራሷን አስተካክላ ተቀመጠች። «እውነት ነው ደግሞ። ትልቁ ዶክተር መጣ። ከኋላው ብዙ ተማሪ ነበር። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ‹ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው› አለ። ተማሪዎቹ ሁሉ ጻፉ። እኔ ሳየው ጆሮው ላይ አላደረገውም! አንገቱ ላይ ነው ያለው! ‹ዶክተር፣ በአንገትህ ነው የምትሰማው?› አልኩት።»

«አንቺ! እንዲህ አልሽው?» አለች እህቴ።

«አልኩት! ከዚያ እሱ ሳቀ፣ ተማሪዎቹ ግን ፈሩ፣ ከዚያ እሱ ሲስቅ እነሱም ሳቁ። አንዷ ‹ጥሩ ነው› የሚለውን ስትሰርዝ አይቻታለሁ።»

እህቴ ሳቀች። ዝቅ ያለ፣ የደከመ፣ ግን ከሆድ የመጣ ሳቅ ነበር። «መቼ ነው ይሄ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቆይቷል» አለች ሚጢ። «አስቀምጬው ነበር። ያንቺ ሲያልቅ ብዬ።»

እህቴ የልጇን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዘች። እኔ መስኮቱን ማየት ነበረብኝ፣ አየሁም። ፊቴን ስመልስ ሁለቱን ቁራጮች አውጥቼ አልጋው ላይ አኖርኳቸው፣ አንድ ቃል ሳልጨምር። የስፌት ቤት ልጅ ናት፤ ደራርባ አየቻቸው፣ ገለበጠቻቸው፣ ዐይኗ ፈጠጠ።

«ሁለቱም ለአንድ እጅ ናቸው! ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ» አልኩ።

«አንቺ? አክስቴ መቀሷ?» ዳኛዬ ፊቴን መረመረች። «እውነት ነው» ብላ ፈረደች፣ በሳቅም አልጋው ላይ ተገለበጠች። አንዱን ቁራጭ እንደ ቆብ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችው። እንደዚያ ሆና የሙሽራዋን እናት፣ የጋሼ ካውያን ካልሲ፣ ሁሉንም አስነገረችኝ። እኔ ወግ አልችልም። ቢሆንም ነገርኳት።

ስጨርስ እህቴ «ለትንሽ ብቻ» ብላ ራሷን የአልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ነበር። ወዲያው ትንፋሿ ከበደ። ሚጢ እጇን የእናቷ ፀጉር ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ያን ጊዜ ሲስተሯ የመርፌውን ትሪ ይዛ መጣች። የትናንትናው ትዝ ብሏት ነው መሰል ሌላ ሴት አስከትላለች። እኔ እህቴን ልቀሰቅስ እጄን ስዘረጋ ሚጢ ራሷን ነቀነቀች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ ለእኔም ለሲስተሯም። «እናቴ ተኝታለች» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ እናቷን የምትዳብስበትን እጅ ሳታነሣ ሌላኛውን ክንዷን ዘረጋች።

መርፌው ሲገባ ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፣ ድምፅ ግን አላወጣችም። ዳንቴሉ ጭንቅላቷ ላይ ተንቀጠቀጠ። ዐይኗን ከእናቷ ላይ አልነቀለችም። ሲስተሯ ጥጡን ተጭና ትሪዋን ይዛ በእግር ጣቷ ተራምዳ ወጣች።

ሚጢ በተወጋው ክንዷ ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩላት።

«አክስቴ፣ ይሄን ነገ ለማማ ንገሪያት» አለችኝ። «የተሠራ ነው ካለችሽ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ በያት።»